«ቋንቋው ይታረም» ተብሎ የተመለሰ ረቂቅ፦ ከየት ልጀምር?

ተመራቂዋ (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ለአማካሪዬ ከሰጠሁ ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር፤ ዛሬ ተመለሰልኝ። 94 ገጽ ነው። በይዘቱ ላይ የተሰጡኝ አስተያየቶች ጥቂት ናቸው፣ እነሱን እወጣቸዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን በቀይ «ቋንቋው ይታረም» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሌላ ማብራሪያ የለም። የትኛው ገጽ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር፣ ምኑ እንደሆነ አልተነገረኝም።

ከመስጠቴ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባነበብኩት ቁጥር ደህና ይመስለኛል። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ሳወራ የሚደነቃቀፍብኝ ነገር የለም። ስጽፍ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የታረመውን ለማስገባት 12 ቀን ነው ያለኝ። ከአኅጽሮተ ጥናቱ (ጥናቱን በአጭሩ ከሚያቀርበው ክፍል) አንድ አንቀጽ እንዳለ አስቀምጬላችኋለሁ። እባካችሁ ሳትራሩ ንገሩኝ።

«የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የተማሪዎች የንባብ ልምድ በጽሁፍ ችሎታቸው ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለመመርመር ሲሆን መረጃው በመጠይቅና በቃለ መጠይቅ ተሰብስቦ በመተንተን የተገኘው ውጤት እንደሚያሳየው አብዛኛዎቹ ተማሪዎች ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የማንበብ ልምድ የሌላቸው መሆኑና ይህም የሆነበት ምክንያት መምህራኖች በቂ ማበረታቻ ስለማይሰጡና መጻህፍቶች በበቂ ሁኔታ ስለማይገኙ መሆኑን የተማሪዎቹ ምላሽ አሳይተዋል ፡፡»

የማታ ተማሪ (ሰኞ፣ ማታ 3፡05)

አንቀጽ አልሽው እንጂ ያስቀመጥሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቆጠርኩት፣ 47 ቃል አለው። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አጣሁ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቢያንስ አራት ቦታ እቆርጠዋለሁ።

እርማት ቤት (ሰኞ፣ ማታ 3፡50)

እህቴ፣ አይዞሽ። የሌሎችን ጽሑፍ ሳርም ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የሌለበት ረቂቅ እጄ ገብቶ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። አማርኛ አንሶሽ አይደለም። በቋንቋችን ባለቤቱ ፊት ይመጣል፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ያስራል፤ በመካከላቸው የፈለግነውን ያህል መክተት እንችላለን። ስናወራ መካከሉ አጭር ስለሆነ ግሱ ባለቤቱን አይስትም። ስንጽፍ ግን ሠላሳ አርባ ቃል እንከትና ግሱ ጋ ስንደርስ ባለቤቱ ማን እንደነበር ተረስቷል። ያኔ ግሱ አጠገቡ ካገኘው ስም ጋር ይስማማል።

ስለዚህ እኔ ሳርም የምነሳው ከማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን ከሚዘጋው ግስ ነው። ጣቴን አራት ነጥቡ ላይ አሳርፌ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ያንቺን በዚህ መንገድ እንየው።

ማሰሪያሽ «አሳይተዋል» ነው። ያሳየው ማን ነው? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስንሄድ «የተማሪዎቹ ምላሽ» እናገኛለን። ባለቤቱ ምላሹ ነው፤ ምላሽ ደግሞ ነጠላ ነው። ስለዚህ «አሳይቷል»። «የተማሪዎቹ» የሚለው ብዙ ቁጥር ጎረቤት ሆኖ ግሱን ወደ ራሱ ጎትቶታል። «የመምህራኑ አስተያየት ያመለክታሉ»፣ «የትምህርት ቤቶቹ ቁጥር ጨምረዋል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ከማርማቸው ስሕተቶች ሁሉ ይህን የሚያክል የለም።

ገና ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ «የተገኘው ውጤት እንደሚያሳየው» የሚል አለ። እዚያ ያሳየው ውጤቱ ነበር፣ እዚህ ምላሹ ሆነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ባለቤቶች ለአንድ ሥራ ተሰልፈዋል።

«አሳይቷል» ተሳቢ ይፈልጋል። ሁለተኛው «መሆኑን» የተሳቢነት «ን» አለው፣ የመጀመሪያው «መሆኑና» ግን የለውም። ሁለቱም ለአንድ ግስ ተሳቢ ከሆኑ «መሆኑንና» ማለት ነበረብሽ።

«ዓላማ … ለመመርመር»። ዓላማው መመርመሩ ራሱ ስለሆነ «ዓላማው መመርመር ነው» ይባላል። «ለመመርመር» የሚለው «ጥናቱ የተካሄደው … ለመመርመር ነው» በሚለው ውስጥ ነው ቦታው። ሁለት ትክክለኛ አጀማመሮች ተቀላቅለውብሻል። «ምክንያት … ስለማይሰጡ» ላይም ያው ነው፤ ወይ «ምክንያቱ … አለመስጠታቸው ነው» በይ፣ ወይ «ምክንያት»ን ትተሽ «ስለ»ን ያዢ።

«ተሰብስቦ በመተንተን»፦ መረጃው ከተሰበሰበ መረጃው ይተንተን፤ «ተሰብስቦ ተተንትኗል»። በሌላ ገጽ ደግሞ «መጠይቁ ተሰብስቦ ተንትነናል» የሚል እንዳይኖር ፈልጊ። በቦዝ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን በማያስረው «ተሰብስቦ» ላይ፣ ባለቤቱ መጠይቁ ሆኖ ማሰሪያው ላይ «እኛ» ብቅ ካልን አንባቢው ማን ምን እንደሠራ ይጠፋበታል። «ሰብስበን ተንትነናል» ወይም «ተሰብስቦ ተተንትኗል»።

አንድ ነገር ደግሞ ከሰዋስው ውጭ ልጠይቅሽ። «መምህራን አያበረታቱም» የሚለው የማን ቃል ነው? ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር የጥናቱ ውጤት ነው፣ ሲያልቅ የተማሪዎቹ ምላሽ ነው። መልሱን አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው፤ ግሱም የሚስተካከለው ያን ስትወስኚ ነው።

ተመራቂዋ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15)

እርማት ቤት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ካነበብኩት በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይህን ሁሉ ካገኙ 94 ገጽ ውስጥ ያለውን ማሰብ ያስፈራል። ስለ መጨረሻው ጥያቄዎ ቃለ መጠይቆቼን ተመልሼ ማየት አለብኝ፤ ቸኩዬ አልመልስም።

«መምህራኖች»ንም ሰው በውስጥ መልእክት ነግሮኛል። «መምህራን» ራሱ ብዙ ቁጥር መሆኑን እያወቅኩ እንዴት እንደጻፍኩት አልገባኝም። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ እያስታወሱ ማንበብ ይቻላል?

ሰሌዳ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡30)

አይቻልም፤ መሞከርም የለብሽም።

እኔ አስተማሪ ነኝ። «ቋንቋው ይታረም» የሚለውን እኔም በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ለዓመታት ጽፌዋለሁ። አንድም ተማሪ ሲረዳበት አላየሁም። ጥቂት ፊደል ለውጠው ያንኑ ረቂቅ ይመልሱልኝ ነበር፣ እኔም ሰነፉ ብዬ እቆጣ ነበር። በኋላ ነው ጥፋቱ የኔ መሆኑ የገባኝ፤ ምኑን እንደሚያርሙ አልነገርኳቸውም። አሁን አንድ ገጽ መርጬ ያለበትን ስሕተት አንድ ሳይቀር አርማለሁ፣ ተማሪው በዚያ አምሳል ቀሪውን ይሠራል። አማካሪሽ ጋ ሄደሽ «አንድ ገጽ ብቻ ያርሙልኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ» በያቸው። 94 ገጽ ለማረም ጊዜ ያጣ ሰው አንድ ገጽ አይከለክልሽም።

ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ ብለሻል። ሦስቱንም ጊዜ ያነበብሽው ልትጽፊ ያሰብሽውን ነው። አእምሮሽ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያበቃ ስለሚያውቅ ዓይንሽን አስቀድሞ ወደዚያ ይወስደዋል፤ የጎደለችውን «ን» ራሱ ይሞላታል። ከዚህ ለመውጣት እኔ የምጠቀምበት መንገድ ከመጨረሻው አንቀጽ ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ማረም ነው። አንቀጹን እንደ ወትሮው አነበዋለሁ፣ ቀጥሎ ግን ከእሱ በፊት ያለውን አነሳለሁ። ታሪኩ ስለሚቆራረጥ ዓይን የሚያርፍበት ቃሉ ብቻ ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙ ሰው ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ሲያርም ምዕራፍ አምስት ላይ ደክሞት ይደርሳል። ጽሑፉን የሚገመግሙት መርማሪዎች ደግሞ ግኝቱንና መደምደሚያውን በጥንቃቄ ነው የሚያነቡት።

በአንድ ንባብ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ፈልጊ። ከሁሉ በፊት ግን የይዘት ለውጡን ጨርሺ፤ ነገ የምትሰርዢውን አንቀጽ ዛሬ ብታርሚው ድካሙ ከንቱ ነው። ከዚያ እርማት ቤት እንዳሉት ማሰሪያ አንቀጾቹን ብቻ ይዘሽ እለፊ። እሱ ሲያልቅ «ን»ን ብቻ። የት ላይ እንደምትውል ልብ በይ፦ «ተማሪዎቹ የሞሉትን መጠይቅ ተንትነናል» ይባላል፤ «የሞሉትን መጠይቁን» ሲሆን ተደገመች፣ «የሞሉት መጠይቅ ተንትነናል» ሲሆን ጠፋች። ሁለቱንም አይነት በየረቂቁ አያለሁ። ድርብ ብዙ ቁጥርን ደግሞ ኮምፒውተሩ ይፈልግልሽ፤ «መምህራኖች»፣ «ቃላቶች»፣ «መጻሕፍቶች»፣ «ሕፃናቶች» ብለሽ በየተራ ብትፈልጊ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በእያንዳንዱ ንባብ መካከል ቢቻል አንድ ሌሊት ይደር። ከተቻለም አትሚው፤ ስክሪን ላይ ያለፈኝን ወረቀት ላይ አገኘዋለሁ።

ተመራቂዋ (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10)

እሺ መምህር፣ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀድሜ ካልጠየቅኩ አልችልም። «ጽሁፍ» ነው «ጽሑፍ»? «ሀሳብ» ነው «ሐሳብ»? እኔ ሁለቱንም ጽፌያለሁ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ።

ቀለም (ማክሰኞ፣ ቀን 8፡25)

እዚህ ላይ እኔ ጠንከር ያለ ሀሳብ አለኝ። ድምጻቸው አንድ የሆነ ፊደላትን ማደባለቅ ተማሪን ከማስጨነቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። አንዱን ቃል ብቻ እንውሰድ፦ «ፀሐይ»። የመጀመሪያው ፊደል በ2 መንገድ ይጻፋል፣ «ፀ» እና «ጸ»። ሁለተኛው በ6፣ «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ»፣ «ኃ»። ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይሆናል፤ ሲነበብ ግን ሁሉም አንድ ነው። በግእዝ ድምጻቸው ይለያይ ነበር፣ በአማርኛ አይለያይም። ታዲያ አንባቢ የማይሰማውን ልዩነት ጸሀፊው ለምን ይሸከመዋል? እኔ «ሀ»፣ «ሰ»፣ «አ» እና «ጸ» ብቻ እጠቀማለሁ። ይህን መልእክት ስታነቡ የተቸገራችሁበት ቃል አለ?

አጻጻፍ ደግሞ ይለወጣል። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 አመተ ምህረት ሲታተም ርእሱ ላይ «ዐዲስ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ዛሬ «አዲስ» ብሎ የሚጽፍን ሰው ተሳሳትክ የሚለው የለም።

እርማት ቤት (ማክሰኞ፣ ቀን 9፡40)

ቀለም፣ መልእክትህን ያለ ችግር አነበብኩት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሕግ ስለጠበቅክም አከበርኩህ። ግን የፊደሉ ልዩነት ባዶ ሸክም አይደለም። «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ የሚሠራው ነው። «ሥዕል» እና «ስእለት» ሥርወ ቃላቸው የተለያየ መሆኑን የምናውቀው ከፊደሉ ነው። «መጽሐፍ»፣ «ጸሐፊ»፣ «ጽሑፍ»፣ «ጽሕፈት» የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያቺ «ሐ» ትነግረናለች። ተመራቂዋ፣ ታሪክ፣ ሕግ ወይም ሥነ ጽሑፍ የምታጠኚ ከሆነ የድሮ ሰነዶችን መጥቀስሽ አይቀርም፤ ከሰነዱ ጋር የሚስማማ አጻጻፍ መያዙ ሥራሽን ያቀልልሻል።

ቀለም (ማክሰኞ፣ ቀን 10፡05)

ስለ ጥንታዊ ሰነድ የተናገሩትን እቀበላለሁ። ጥቅስ እንዳለ ነው የሚቀመጠው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። በቀረው ግን ሀሳቤን አልቀይርም።

ሰሌዳ (ማክሰኞ፣ ማታ 12፡30)

ይህ ክርክር እኛን ቀድሞ የነበረ ነው፣ በ12 ቀንም አያልቅም። ለተመራቂዋ የሚያስፈልጋት ውሳኔ ነው። እኔ ያየኋቸው መርማሪዎች «ሀሳብ» ስለተጻፈ ወይም «ሐሳብ» ስለተጻፈ ነጥብ ሲቀንሱ አላየሁም፤ በገጽ 12 «ሀሳብ»፣ በገጽ 13 «ሐሳብ»፣ በገጽ 15 «ኀሳብ» ሲያዩ ግን ይበሳጫሉ፣ ልክም ናቸው። ወላዋይ አጻጻፍ ፍለጋንም ያበላሻል፤ «ጽሁፍ» ብለሽ ስትፈልጊ ኮምፒውተሩ «ጽሑፍ»ን አያመጣልሽም።

አንድ ባዶ ገጽ ክፈቺና የምትወላውዪባቸውን ቃላት በሙሉ ጻፊ። ሠላሳ ቢሆኑ ነው፣ ቢበዛ ሃምሳ። ለእያንዳንዱ አንድ አጻጻፍ ወስኚ። ለመወሰን ከተቸገርሽ አንድ መዝገበ ቃላት ዳኛ ይሁንሽ፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመውን መያዝ ትችያለሽ። ዳኛው ግን አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት መዝገበ ቃላት ከከፈትሽ ተመልሰሽ እዚሁ ክርክር ውስጥ ነሽ። ያንን ገጽ ከጎንሽ አድርገሽ አንድ ንባብ ለፊደል ብቻ ስጪ።

ችሎት (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20)

በዚህ ላይ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። የኔ ጥናት የሕግ ነበር። ማስረከቢያዬ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው «ስራ» የሚለውን ሁሉ «ሥራ» ለማድረግ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከፍቼ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫንኩ። በመቶ የሚቆጠር ቦታ ተቀየረ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሳነበው «የእስራት ቅጣት» የሚለው በሙሉ «የእሥራት ቅጣት» ሆኗል። «ስራ» የሚሉት ሁለት ፊደሎች «እስራት» ውስጥም እንዳሉ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ከሕጉ ቃል በቃል የጠቀስኳቸው አንቀጾችም አብረው መለወጣቸው ነው። ጥቅሶቹን አንድ በአንድ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ሳመሳክር አደርኩ።

አሁን አንድ በአንድ እያየሁ ነው የምተካው። ከዚያ በፊት የፋይሉን ቅጂ በሌላ ስም አስቀምጣለሁ።

ሁለት ነጥብ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00)

ስለ ሥርዓተ ነጥብ ሰው የተናገረ ስላላየሁ ልግባ። ተመራቂዋ፣ የአንቀጽሽ መጨረሻ ላይ ያለችውን አራት ነጥብ ጠጋ ብለሽ እያት። አራት ነጥብ አይደለችም፤ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ነው። «፡፡» እና «።» ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት ምልክት ነው፣ ሁለተኛው አንድ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ ሲገባ «።» የራሱን ቦታ አግኝቷል። ሁለት ጊዜ የሚመታው ግን ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ጉዳቱ የሚታየው መስመር ሲሞላ ነው፤ አንዱ ሁለት ነጥብ መስመሩ ጫፍ ላይ ቀርቶ ሌላው ወደሚቀጥለው መስመር ራስ ሊወርድ ይችላል። አንቺ ደግሞ ከፊቱ ክፍት ቦታ ስለተውሽ ምልክቱ እንዳለ ብቻውን አዲስ መስመር ሊጀምር ይችላል።

ችሎት ስለ «ሁሉንም ተካ» ያለው እውነት ነው፤ ይህች ግን ሳትፈሪ አንድ ላይ የምትተኪያት ናት፣ ምክንያቱም «፡፡» ሌላ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ «፡፡»ን በ«።» ተኪ፤ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ያለበትን « ።» በ«።» ተኪ።

ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ሰው የሚያምታታቸው መለያውን ሳይማር ስለሚቀር ነው። እርማት ቤት ማሰሪያ አንቀጽን ተመልከቱ ያሉት እዚህም ይሠራል። ምልክቱን ከማስቀመጥሽ በፊት ከፊቱ ያለውን ግስ እዪ። ግሱ ዓረፍተ ነገር ማሰር የሚችል ከሆነና ቀጣዩ ሐሳብ ከእሱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ድርብ ሰረዝ «፤» ይገባል። ግሱ ካላሰረ ድርብ ሰረዝ አይገባም። «መጠይቁን ሰብስቤ፤ ተነተንኩ» ስሕተት ነው፤ «ሰብስቤ» ምንም አላሰረም። «መጠይቁን ሰበሰብኩ፤ ቃለ መጠይቁን ግን አላጠናቀቅኩም» ትክክል ነው። ነጠላ ሰረዝ ለዝርዝርና ለአጭር ማረፊያ ነው። በዝርዝር መጨረሻ «ና» ካለ ከፊቱ ሰረዝ አያስፈልግም፦ «ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ»።

በነጠላ ሰረዝ ቦታ «፡» የሚጠቀሙም አሉ። ያ ምልክት ጥንት በየቃሉ መካከል የሚገባ ነበር፤ ዛሬ ቦታውን ክፍት ቦታ ወስዶታል። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አታቀላቅዪ። ዝርዝር ወይም ማብራሪያ ከመጀመርሽ በፊት የሚገባው «፦» ነው።

የማታ ተማሪ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡45)

ሁለት ነጥብ፣ ምስጋና ይግባህ፤ እኔም ዛሬ የራሴን ፋይል ከፍቼ «፡፡» ስፈልግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞልቶ አገኘሁት።

ከዋቢ ጽሑፎች ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ዓመተ ምሕረቱ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በየቦታው ይጻፍ። «2001» ብቻ ከሆነ አንባቢው በ7 ወይም በ8 ዓመት ሊሳሳት ይችላል። የኢትዮጵያውያን ደራሲዎች ስም ደግሞ በራሳቸው ስም ነው የሚደረደረው፤ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። አንዱን በራሱ ስም፣ ሌላውን በአባቱ ስም የደረደረ ረቂቅ አይቻለሁ፤ ዋቢውን መፈለግ ፈተና ነበር።

ጠብቆ ላልቶ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል የሚባል ምክር እንደሚመጣ ስለገመትኩ አስቀድሜ ልናገር። ይረዳል፤ ለረጅም ዓረፍተ ነገር በተለይ። አማርኛ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አያሳይም። ጸሐፊው ሲያነብ የትኛው እንደሚጠብቅ ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ትክክል አድርጎ ያነበዋል፣ አሻሚነቱም አይሰማውም።

የራሴን ልንገራችሁ። ክፍል ውስጥ ስላለ ተሳትፎ ስጽፍ «የማይሰማ ተማሪ» የሚል ሐረግ ደጋግሜ ተጠቅሜያለሁ። እኔ ያሰብኩት ድምፁ ለሌሎች የማይደርሰውን ተማሪ ነበር። ጓደኛዬ ጮክ ብላ ስታነብልኝ «ሰ»ን አላልታ አነበበችው፤ ጆሮው የማይሰማ ተማሪ ሆነ። በ20 ገጽ ውስጥ ያለው ሐሳቤ በሙሉ ስለ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች መስሏት ነበር። እኔ ብቻዬን መቶ ጊዜ ባነበው አላገኘውም። «ድምፁ የማይሰማ ተማሪ» ብዬ አስተካከልኩት። «ይገባል»ም እንደዚሁ ነው፦ መግባት፣ መገባት፣ ተገቢ መሆን።

ስለዚህ ሌላ ሰው ያንብብልሽ፣ አንቺ ዝም ብለሽ አዳምጪ። የተደናቀፈበትን ወይም ተመልሶ ያነበበውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። አታርሚው፣ አታስረጂው። ርዕሱን የማያውቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

«ጎበዝ ተማሪዎችና መምህራን» ያለ ሐረግም በዚህ መንገድ ይያዛል። ጎበዞቹ ተማሪዎቹ ብቻ ከሆኑ «መምህራንና ጎበዝ ተማሪዎች» ብለሽ ቦታ አቀያይሪ፤ ሰረዝ ከመጨመር ይሻላል።

የማታ ተማሪ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡10)

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሳረምስ? ቻትጂፒቲ አማርኛ ይጽፋል።

ሰሌዳ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡00)

ተመራቂዋ፣ የተቋምሽ ደንብ የሚፈቅደውን መጀመሪያ ጠይቂ፤ ከተፈቀደም እንዲጽፍልሽ ሳይሆን እንዲጠቁምሽ አድርጊ። የሚያሳስበኝ ሳይነግርሽ ትርጉም መለወጡ ነው። «የማንበብ ልምድ የላቸውም» ያልሽውን «የማንበብ ልምዳቸው አነስተኛ ነው» ቢያደርገው ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፣ ግኝቱ ግን ሌላ ሆኗል። መርማሪ ፊት ቆመሽ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። እያንዳንዱን ለውጥ ከራስሽ ረቂቅ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ካላየሽው አትቀበዪው።

ተመራቂዋ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡10፣ ከስምንት ቀን በኋላ)

የጠፋሁት ስሠራ ነው። አማካሪዬ ጋ ሄጄ አንድ ገጽ ብቻ እንዲያርሙልኝ ጠየቅኩ፤ ወዲያው ተቀምጠው ሁለት ገጽ አረሙልኝ። ከእርማት ቤት ጋር ሳይነጋገሩ ያንኑ ነው ያሉኝ፦ «ግሱን ተመልከቺ»።

«አሳይተዋል»፣ «ያመለክታሉ» እና «ገልጸዋል» የሚሉትን ፈለግኩ። 41 ቦታ አገኘሁ፤ በ17ቱ ላይ ባለቤቱ ነጠላ ነበር። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማረሙ በመጀመሪያው ቀን አሰልቺ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ግን ስሕተቱ ራሱ እየዘለለ ይታየኝ ጀመር። የፊደል ገጼ ላይ 38 ቃላት አሉ። ቀለም እንዳይከፋው፣ እኔ «ሐ»ን መርጫለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን እርማት ቤት የጠየቁኝ ጥያቄ ነበር። «መምህራን አያበረታቱም» የሚለው የማን ቃል ነው? ቃለ መጠይቆቼን መልሼ አዳመጥኩ። 6 መምህራን አነጋግሬ ነበር። ከእነሱ 4ቱ ተማሪዎችን እንዲያነቡ እንደሚመክሩ፣ ነገር ግን የሚያውሷቸው መጽሐፍ እንደሌላቸው ነግረውኛል። ይህን ሁሉ ሰብስቤ አኅጽሮቱ ውስጥ አልጻፍኩትም። ያ ረጅም ዓረፍተ ነገር የተማሪዎቹን ቅሬታ ወስዶ የጥናቱ ግኝት አድርጎት ነበር፣ እኔም ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም። መምህራኑ ጊዜያቸውን ሰጥተውኝ ነበር፤ ሳስበው አሁንም ያመኛል። ምዕራፍ አራት ላይም ሁለት ገጽ በዚህ የተነሳ እንደገና ጽፌያለሁ።

አኅጽሮቱ አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የተማሪዎች የንባብ ልምድ በጽሑፍ ችሎታቸው ላይ ያለውን ተጽዕኖ መመርመር ነው። መረጃው በመጠይቅና በቃለ መጠይቅ ተሰብስቦ ተተንትኗል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የማንበብ ልምድ እንደሌላቸው ውጤቱ ያሳያል። ተማሪዎቹ ለዚህ ሁለት ምክንያት ሰጥተዋል፤ መምህራን በቂ ማበረታቻ አይሰጡም፣ መጻሕፍትም እንደልብ አይገኙም ብለዋል። የመምህራኑ መልስ ግን ከዚህ ይለያሉ። ከ6 መምህራን 4ቱ ተማሪዎችን እንዲያነቡ እንደሚመክሩ፣ የሚያውሱት መጽሐፍ ግን እንደሌላቸው ገልጸዋል።»

የማታ ተማሪ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡25)

በአንድ ትንፋሽ ገባኝ። ስለ ምን እንዳጠናሽ ገና ዛሬ ነው ያወቅኩት።

እርማት ቤት (ሐሙስ፣ ማታ 4፡50)

ደስ ብሎኛል። ከቃሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ወደ ቃለ መጠይቁ መመለስሽ ነው።

አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጣትሽን አራት ነጥቡ ላይ አድርጊና ወደ ኋላ ሂጂ።

ተመራቂዋ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡58)

«የመምህራኑ መልስ … ይለያል»። አስተካክዬዋለሁ። መግቢያው ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች ዛሬ ማታ እንደገና አያቸዋለሁ፤ የማስረክበው ቅዳሜ ነው።